ጥይት ያደረበት ዋንዛ

ዘይኑዲን ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ሳሎኑ ግድግዳ ላይ የነበረው ቅርጽ ወርዶ በቦታው ሌላ ተሰቅሎ አገኘ።

የወረደው የራሱ ሥራ ነበር። ራህመትን ባገባበት ዓመት ከወይራ የቀረጸው የወይን ሐረግ ነው፤ በመሮና በእንጨት መዶሻ ብቻ አንድ ወር ሙሉ ለፍቶበታል። የተሰቀለው ደግሞ የራህመት ታናሽ ወንድም የዒምራን ሥራ ነው። ከዋንዛ የወጣ የማሽላ ዛላ፤ ፍሬው በፍሬ ላይ ተደራርቦ፣ ነፋስ እንደገፋው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዘመም ያለ።

«ያኛውስ የት ሄደ?» አለ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ።

«ጓዳ አስገባሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ ተሰቅሎ ኖረ እኮ፤ ትንሽ ይረፍ» አለች ራህመት እየሳቀች። «ዒምራኔ ለኔ ብሎ ነው የሠራው። እስቲ እየው፤ ወላሂ ብትነካው የሚረግፍ አይመስልም?»

«ያምራል» አለ ዘይኑዲን። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አወለቀ።

ዘይኑዲን የቆቦ ቀራጭ ነው። ከሮቢት እስከ ጎብዬ የአልጋ ራስጌ ያማረው፣ የሙሽራ መስታወት ፍሬም የፈለገ፣ የቁርዓን ማስቀመጫ ያሰኘው ሁሉ «ዘይኑ ጋ ሂድ» ይባል ነበር። ክርስቲያኑም ለሥዕል ማቀፊያ የሚመጣው እሱው ዘንድ ነው። ከግቢው ጥግ በቆርቆሮ የከለላት ጠባብ ቤት አለችው፤ መሮዎቹ በቁመታቸው ተደርድረው፣ ጣውላው በዓይነቱ ተከምሮ፣ እሱ መሀል ላይ ተቀምጦ ሲመታ ይውላል። ሰው ስሙን ሲጠራ «እጁ» ይል ነበር። «የዘይኑ እጅ ናት» ከተባለ ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቅ አልነበረም።

ዒምራን ስምንት ዓመት ሪያድ ኖሮ ሲመለስ ይዞት የመጣው ብዙ ዕቃ አልነበረም። ግን ከልብሱ መሀል ጠቅልሎ ያመጣት አንዲት የእንጨት መቅረጫ ማሽን ነበረች። በመዳፍ ተጨብጣ የምትያዝ፣ ጫፏ ላይ እንደ ሩዝ የቀጠነም እንደ ለውዝ የወፈረም ጥርስ እየተቀያየረ የሚገባባት፣ ሶኬት ላይ ስትሰካ ጆሮ የምትበሳ። ቤቱ ከዘይኑዲን ቤት በአጥር ብቻ ነው የሚለየው። በረንዳው ላይ ጠረጴዛ አቆመና ሥራ ጀመረ።

ዘይኑዲን ማሽኗን መጀመሪያ ያያት ቀን ሳቀ። «ይቺ የጥርስ ሐኪም ዕቃ አይደለችም እንዴ?» አለው።

«ነገሩስ ይመሳሰላል፣ ጋሽ ዘይኑ» አለ ዒምራን አብሮ እየሳቀ። «ብቻ እንጨት አያለቅስም።»

የመጀመሪያውን ዓመት ዒምራን ያበላሸው እንጨት ለአንድ ክረምት ማገዶ ይበቃል። ማሽኗን ያውቃል፤ እንጨቱን አያውቅም። እየመጣ «ጋሽ ዘይኑ፣ ይሄ ለምን ተሰነጠቀብኝ? ያኛውስ ለምን ጭረት አወጣ?» ይላል። ዘይኑዲንም ደስ እያለው ያስተምረዋል። የእንጨቱን አካሄድ በአውራ ጣት እንዴት እንደሚያነብ አሳየው። የዋንዛና የቀረሮ ጠባይ እንዴት እንደሚለያይ፣ ጣውላ ጥላ ሥር ስንት ክረምት ማለፍ እንዳለበት ነገረው። የኋላ ኋላ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበው ይሄ ሆነ። የሰጠው ገንዘብ ቢሆን ይረሳው ነበር፤ የሰጠው ግን ዓይኑን ነው።

አንድ ቀን ከጎብዬ ሁለት ሴቶች በባጃጅ መጥተው በሩን አንኳኩ። ዘይኑዲን እጁን ጠራርጎ ወጣ። ለልጃቸው ሠርግ የመስታወት ፍሬም እንደሚፈልጉ ከአነጋገራቸው ገባው፤ የትኛውን ጣውላ እንደሚያወርድላቸውም በልቡ ማሰብ ጀምሮ ነበር።

«የዒምራን ቤት የትኛው ነው፣ ወንድሜ?» አሉት።

በጣቱ አሳያቸው። በሩን ዘግቶ ሲመለስ ሲሠራበት የነበረውን መሮ ያለ ቦታው አስቀመጠው፤ በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

ራህመት የማሽላውን ዛላ በሰቀለች ማግስት፣ ዘይኑዲን ቤት ውስጥ ማንም አለመኖሩን አይቶ ከግድግዳው አወረደው። መስኮት አጠገብ ወስዶ በአውራ ጣቱ እያንዳንዷን ፍሬ ዳሰሰ። ማሽኗ ያቃጠለችው ጥቁር ምልክት ፈለገ። የተዘለለች ጉድጓድ፣ ብርጭቆ ወረቀት ያልደረሰባት ስርጉጥ ፈለገ። አንዲት እንከን ቢያገኝ ቀኑ በሰላም ያልፍለት ነበር። አላገኘም። «ማሽን ነው የሠራው» እንዳይል፣ ማሽን ማሽላ አያውቅም። የዛላውን ማዘመም ያየው ዒምራን ነው፤ ያውም ዘይኑዲን በየዓመቱ በዚያው እርሻ ዳር ሲያልፍ ልብ ሳይለው የኖረውን። መልሶ ሰቀለውና ከሰዓቱን ሙሉ አንድም ነገር ሳይሠራ ዋለ።

በሳምንቱ አቶ ተሾመ መጡ። አቶ ተሾመ በመኪናው መንገድ ዳር አዲስ የእንግዳ ማረፊያ የሚያሠሩ የቆቦ ሰው ናቸው። ለአዳራሹ ግድግዳ ሁለት ሜትር የሚረዝም ቅርጽ ይፈልጋሉ፤ እህል የጫኑ ግመሎች፣ ከኋላቸው የዞብል ተራራ። ዘይኑዲን ሰባት ወር ሙሉ ይሄን ሥራ ሲጠብቅ ነበር። ሕንፃው መሠረት ሲጣልለት ጀምሮ «ያ ግድግዳ የኔ ነው» ሲል ከርሟል።

አቶ ተሾመ ሻይ ቀረበላቸው። ከዚያ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ አረፈ።

«ይሄንን ማን ሠራው?»

«ወንድሜ ነው!» አለች ራህመት ከጓዳ ብቅ ብላ። ፊቷ በርቷል።

አቶ ተሾመ ተነስተው ቀረቡት፤ ዝም ብለው ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ዘይኑዲን ዞረው፣ «በቃ እንዲህ እናድርግ ዘይኑ» አሉ። «ቀረጻውን ልጁ ይሥራው። አንተ ደግሞ እንጨቱን ምረጥለት። በእንጨት ዕውቀት እንደሆነ ማንም አይደርስብህም።»

ክፋት የለባቸውም፤ ያመሰገኑት መስሏቸው ነው። ዘይኑዲን «ኢንሻአላህ» አለና እስከ በር ሸኛቸው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። እንጨት መራጭ! ለባለሙያው ዕቃ የሚያቀብል!

በቆርቆሮዋ ቤት ከሁሉ ጣውላ ጀርባ ለብቻው የቆመ አንድ ሰፊ የዋንዛ ጣውላ ነበረው። ከጎሊና ወንዝ ዳር የተቆረጠ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ጦርነቱ በዚያ ካለፈ በኋላ ባለቤቱ ሸጠለት። መሰንጠቂያ ቤት ሲሰነጠቅ ጣውላው መሀል አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ነገር ታየች። ዘይኑዲን ያንን ጥቁረት ያውቀዋል። ብረት እንጨት ውስጥ ሲቀመጥ ዙሪያውን እንደ ቀለም ያጠቁረዋል። ከጦርነቱ ወዲህ የዚያ አካባቢ ዛፎች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፤ ጥይት ዋጥ አድርገው ቅርፊታቸውን ዘግተው ይኖራሉ። ለዚህ ነው ያንን ጣውላ ሦስት ዓመት ሙሉ ያልነካው። መሮ ቢያገኘው መሮው ይጎረደማል። በደቂቃ አእላፍ ጊዜ የሚሽከረከር ጥርስ ቢያገኘውስ? ጥርሱ ይበተናል፤ ስባሪው የት እንደሚሄድ አላህ ያውቃል።

ዒምራን በማግስቱ መጣ። ዘይኑዲን ሌሎቹን ጣውላዎች አንድ በአንድ አሳየው፤ ይሄኛው ጠባብ ነው፣ ያኛው ገና አልደረቀም አለ። ከዚያ እጁ፣ ልቡን ሳያማክር በሚመስል ሁኔታ፣ ወደ ኋላ ሄደና ሰፊውን ዋንዛ ጎትቶ አወጣው።

«ያ አላህ!» አለ ዒምራን። «ይሄን ሁሉ ጊዜ የት ደብቀውት ነው?» በእጁ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው። መሀል ላይ ሲደርስ ቆመ። «ይቺ ጥቁረት ምንድን ናት፣ ጋሽ ዘይኑ?»

ዘይኑዲን ጣውላውን እንጂ ሰውየውን አላየም።

«ጉጥ ናት» አለ።

አንዲት ቃል ናት። ጣውላውን በሁለት ጫፍ ይዘው ወደ ዒምራን በረንዳ አሻገሩት። ከዚያ በኋላ ዘይኑዲን ቤቱ ገብቶ እጁን ሁለት ጊዜ ታጠበ።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት የዘይኑዲን ጆሮ ከአጥሩ ማዶ ዋለ። የማሽኗ ድምፅ ከፍ ሲል ትንፋሹን ይይዛል፤ ዝቅ ሲል ይተነፍሳል። ልቡ ምን እንደሚፈልግ ራሱም በቅጡ አያውቅም። ጥርሱ ተሰብሮ ሥራው ተበላሽቶ፣ ዒምራን አንገቱን ደፍቶ «ጋሽ ዘይኑ፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ሲመጣ ነበር የሚታየው። ደም አልታየውም። ደሙን ለማየት አልፈለገም ማለት ይሻላል።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ራህመት «አላየኸውም እኮ፤ ቅር ይለዋል» ብላ ጎትታ ወሰደችው።

ጣውላው ጠረጴዛው ላይ ተጋድሟል። አምስት ግመሎች ከዞብል ሥር ተከታትለው ይወርዳሉ። የጭነቱ ገመድ ሲከር፣ የጆንያው ስፌት ሲወጠር ይታያል። የኋለኛዋ ግመል ልትጋደም ዳድቷት ጉልበቷ ትንሽ እጥፍ ብሏል። ዘይኑዲን ወደ ጣውላው ቀረበ። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ እንጨት መትቷል፤ ከመሮው ሥር የሚራመድ ነገር ግን አንድም ቀን ወጥቶለት አያውቅም። ሐረግ ነው፣ ቅጠል ነው፣ ጥልፍ ነው። የሚራመድ ነገር የለም።

«ይቺን ጉጥ እዩዋት» አለ ዒምራን ወደ መሪዋ ግመል ራስ እያመለከተ። ጥቁሯ ነጥብ ልክ ፊቷ ላይ አርፋለች። «ዓይኗ አደርጋታለሁ። አላህ ራሱ ያስቀመጣት ነው የምትመስለው። ለመጨረሻ ነው ያቆየኋት።»

«መነጽርህስ?» አለ ዘይኑዲን ሳያስበው። «የዓይን መከላከያው?»

«ማሰሪያው ተበጠሰ። ደግሞ በዚህ ሙቀት ላቡ ጉም ያለብሰዋል፤ ለጥቃቅኑ ሥራ አይመችም። ለዓይኗማ በደንብ መጠጋት አለብኝ።»

ራህመት ወንድሟ አጠገብ ተቀምጣ የእንጨቱን ብናኝ በብሩሽ ትጠርግለት ነበር። ፊቷ ከግመሏ ፊት አንድ ክንድ አይርቅም።

ያን ዕለት ማታ መብራት ጠፋ። ሦስት ቀን አልመጣም። ዘይኑዲን መጀመሪያ አልሀምዱሊላህ አለ፤ ለመናገር ጊዜ አገኘ። ግን ጊዜ ያገኘ ሰው ምን አስቸኮለኝ ይላል። የመጀመሪያውን ቀን ነገ አለ። በሁለተኛው ቀን ቆርጦ ተነሳና ወደ ዒምራን ግቢ ገባ። አቶ ተሾመ ሦስት እንግዶች አስከትለው ሥራውን ሲያሳዩ አገኛቸው።

«ና ዘይኑ፣ ና!» አሉ አቶ ተሾመ። «እስቲ በሞቴ፣ በዕድሜህ እንዲህ ያለ ነገር ሠርተህ ታውቃለህ?»

እንግዶቹ ሁሉ ወደሱ ዞሩ።

«አላውቅም» አለ ዘይኑዲን። ሊናገረው የመጣው ነገር ከዚያች ቃል ጋር ተመልሶ ወደ ሆዱ ወረደ። ወጥቶ ሄደ። ይሰበር! አለ በልቡ፤ ይሰበርና እንይ!

በሦስተኛው ቀን የእንጨት ኮላ ሊገዛ ገበያ ወጣ። አንዱ ሱቅ በር ላይ ቆሞ ሳለ ድንገት የጸጉር ቤቱ ሙዚቃ ፈነዳ። ወፍጮ ቤቱ አጉረመረመ። «መጣ! መብራት መጣ!» እያለ ሰው ሁሉ ጮኸ።

ዘይኑዲን ኮላውን ባንኮኒው ላይ ጥሎ ወጣ። ባጃጅ አስቁሞ «ቶሎ በል ወንድሜ፣ ነፍስ ነው!» አለው። መኪናው መንገድ ላይ ሲደርሱ አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ሊዞር ሲል መንገዱን አቋርጦ ቆሟል፤ ከፊትም ከኋላም መኪና ተደርድሯል። ዘይኑዲን ዘሎ ወረደና ሮጠ። አርባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ከልጅነቱ ወዲህ በቆቦ መንገድ ሲሮጥ ያየው የለም። ሰው እየዞረ አየው፤ አንዱ «ምን ሆነ? ማን ሞተ?» አለ። ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሲደርስ ያ ድምፅ ተሰማው።

ግቢውን በርግዶ ገባ። ዒምራን ጎንበስ ብሎ አፍንጫው ጣውላውን ሊነካ ደርሷል። ራህመት ብሩሿን ይዛ ከጎኑ ናት። ማሽኗ የግመሏን ዓይን ዳር ዳሩን እየዞረች ነው። ዘይኑዲን ልጩህ ቢል ትንፋሽ አጣ። ደርሶ የዒምራንን ክንድ በሁለት እጁ ይዞ ሳበው።

ጥርሱ አመለጠ። ከግመሏ ጉንጭ ተነስቶ አንገቷን ይዞ እስከ ደረቷ ድረስ ጥልቅ ቦይ ቀደደ። ዒምራን ማሽኗን አጥፍቶ ቀና ሲል ፊቱ ደም መስሏል።

«ምን አደረግኩዎት?» አለ። የተቀደደውን አንገት ዳሰሰ። «ጋሽ ዘይኑ፣ እኔ ምን አደረግኩዎት?»

«ዘይኑ! አበድክ እንዴ?» አለች ራህመት።

«ጥይት አለበት» አለ ዘይኑዲን እያለከለከ። «ጥቁሩ ውስጥ። ጥይት ነው።»

ማንም አልተናገረም። ዒምራን ከጠረጴዛው ሥር ያረጀ መሮ አወጣ፤ ከዓመት በፊት ዘይኑዲን ራሱ የሰጠው ነው። ጥቁሩን ቀስ እያለ ፈለፈለ። ሁለት ጣት ሳይገባ መሮው ብረት ነካ። ዙሪያውን አላቀቀና በጣቱ ጎትቶ አወጣው። መዳፉ ላይ አስቀምጦ አየው፤ የዛገች፣ ጫፏ የተጣመመ ጥይት ናት።

«ጉጥ ናት ብለውኝ ነበር» አለ።

«አዎ።»

«አያውቁም ነበር ማለት ነው?»

ውሸቱ ተዘጋጅቶ፣ በገዛ ዒምራን አፍ ተመቻችቶ ቀርቦለታል። «አላውቅም ነበር፤ አሁን መሰንጠቂያ ቤት ያለው ሰው ነገረኝ» ቢል ሁለቱም ያምኑታል፤ እንዲያውም ሮጦ ስለደረሰላቸው ያመሰግኑታል። ዘይኑዲን ራህመትን አያት። ብሩሹን አሁንም አልለቀቀችውም፤ ቅንድቧ ላይ የእንጨቱ ብናኝ አለ።

«አውቅ ነበር» አለ። «ከተሰነጠቀበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

ዒምራን ጥይቷን ጠረጴዛው ላይ አኖራትና «ውጣ» አለው። ሲያገኘው ከመቀመጫው ሳይነሳ ያለፈበት ቀን የሌለ፣ አንቱ ሳይል ጠርቶት የማያውቅ ሰው ነው። «ከቤቴ ውጣ፣ አንተ።»

ራህመት አራት ቀን ወንድሟ ዘንድ ሰነበተች። በአምስተኛው ቀን ተመለሰች፤ አላኮረፈችም፣ አልጮኸችም። የማሽላውን ዛላ ከግድግዳው አወረደችና በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። የዘይኑዲንንም አልሰቀለችም።

«ዓይኑን ቢያጠፋውስ ኖሮ?» አለችው ጀርባዋን ሰጥታው። «የኔንስ?»

«ለዚያ ነው የሮጥኩት።»

«መሮጡን ተው። ቀድሞስ ሳትናገር ያስቀመጠህ ምንድን ነው?»

ዘይኑዲን ያንን ቃል ለራሱም ብሎት አያውቅም። ሲናገረው ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው አፉ ተጣመመ። «ቀናሁበት» አለ። «ራህመት፣ ቀናሁበት። ይሄን ዛላ ስትሰቅዪ ቀናሁ፤ ግመሎቹን ሳይ ደግሞ ባሰኝ። አሁንም፣ አሁን ከአንቺ ጋር ስናወራ እንኳ አለቀቀኝም።»

ዞራ አየችው። የመጣችበት ንዴት ፊቷ ላይ አለ፤ ግን ከሥሩ ሌላም ነገር ነበር። «ይሄንን ሂድና ለሱ ንገረው» አለች። «ለኔ ምን ያደርግልኛል?»

ግን ወዲያው አልሄደም። ዒምራን ሃያ ቀን ያህል ተዘግቶ ሠራ። የተቀደደውን አንገት መጠገን እንደማይቻል ሲያውቅ እንደገና ዝቅ አድርጎ ቀረጸው፤ ግመሏን ወደ ውኃ ያጎነበሰች አደረጋት፤ ቦዩ ከአንገቷ እጥፋት ጋር ሄደ። የጥይቷን ጉድጓድ በወይራ ክፋይ ደፈነው። ማረፊያው ሲመረቅ ዘይኑዲን ከሰው ኋላ ቆሞ አየው። የቆቦ ሰው ከሥሩ ቆሞ አፉን ይከፍታል፤ አንድ ሽማግሌ ግመሏ የእገሌ ናት ብለው ስም እየጠሩ ሲከራከሩ ነበር። ዘይኑዲን ያቺን ያጎነበሰች አንገት ሲያይ ከድሮው ትበልጣለች ብሎ አሰበ፤ ይሄም አሳረረው። ዒምራን የሆነውን ለማንም አልተናገረም። አቶ ተሾመ እንኳ አያውቁም፤ «እንጨቱ የዘይኑ ነው!» እያሉ ለእንግዳ ሁሉ ያሳዩት ነበር። ዘይኑዲን በየምስጋናው መሬት ብትውጠው ይወድ ነበር።

ለዒድ ዘይኑዲን የዒምራንን በር አንኳኳ። ሰላምታ አላስረዘመም።

«አፉ በለኝ» አለው። «ቀንቼብህ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።»

ዒምራን በሩን በሰፊው አልከፈተም። «በዚህ ቀን የመጣን ሰው አልመልስም። አፉ ብያለሁ» አለ። «እንጨት ግን ካንተ አልወስድም። እስከ መጨረሻው።»

«ልክ ነህ።»

ዒምራን ቃሉን ጠበቀ። እስከ ዛሬም ጣውላውን ከወልድያ ያስመጣል። ያን ቀን ግን «ግባ» አለው። ሥጋ ቀረበ፤ ራህመት መሀላቸው ተቀምጣ ስለማይረባ ነገር ሁሉ አወራች። ከምሳ በኋላ ዘይኑዲን ዓይኑ ሳይፈልግ ወደ በረንዳው ሄደ። ማሽኗ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣለች። ዒምራን አየው፤ የሆነ ነገር ካወጣ ካወረደ በኋላ ተነስቶ ቁራጭ እንጨት አስቀመጠ፣ አዲሱን መነጽር አቀበለው፣ ማሽኗን ሰካ።

«ያዛት» አለ።

ዘይኑዲን ያዛት። እጁ ውስጥ እንደ ተያዘች ወፍ ተርገበገበች። ሃያ ሦስት ዓመት ሲቀርጽ የኖረውን ቅጠል፣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያወጣውን ተራ ቅጠል ሊያወጣ ሞከረ። ጥርሱ ወዲህ ሲለው ወዲያ ሄደ፤ ዳሩን ነጨው፣ መሀሉን አቃጠለው።

ዒምራን ጎንበስ ብሎ አየ። «የፍየል ጆሮ ነው የሠራኸው» አለ። ራህመት ሳቋ አመለጣት። ዒምራንም ሊከለክል ሞክሮ አቃተው፤ ሳቀ።

ዘይኑዲን አልሳቀም። የዚያን ልጅ እጅ አየ፤ ከሱ እጅ የቀጠነ፣ ያለ ጠባሳ፣ ዝም ብሎ ጠረጴዛው ላይ ያረፈ እጅ። ቅናቱ እንደገና ሽቅብ መጣ። መነጽሩን አስተካከለ።

«ሌላ ቁራጭ ስጠኝ» አለ።